የፀሐይ ጨረርና የካሜራ መጋረጃ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገርለት ነገር ስፋቱ ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ፥ ውፍረቱም ከሸሚዝ ጨርቅ ብዙ የማይርቅ አንድ ቁራጭ መጋረጃ ነው። ከድልድይ፥ ከግድብና ከከፍተኛ ኃይል መስመር ጋር ሲተያይ መናኛ ርእስ መምሰሉን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ድልድዩ እንዴት እንደ ተሠራ፥ መሠረቱ በምን ዓይነት አለት ላይ እንዳረፈ፥ ብረቱ ሲሚንቶ ሳይፈስበት በፊት ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክሩልን ፎቶግራፎች ያለፉት በዚያ ቁራጭ ጨርቅ በኩል ነው። የማኅበራችን አንጋፋ አባላት በየሥራው ቦታ ያነሷቸው ኔጋቲቮች ዛሬ በየቤቱ በየሣጥኑ ተቀምጠው ይገኛሉ። ካሜራዎቹም ከኔጋቲቮቹ ጋር አብረው ተቀምጠዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወጣት ባልደረቦቻችን እነዚያን ካሜራዎች ከአባቶቻቸው ሣጥን እያወጡ፥ አቧራቸውን እያራገፉ፥ እንደ ገና ፊልም እያጎረሷቸው ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ካሜራው ሲተላለፍ አያያዙ አብሮ አልተላለፈም። የጉባኤው አዘጋጆች ይህን ንግግር እንዳቀርብ የጠየቁኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ዓይነት ካሜራ እንደምንነጋገር ልለይ። በ1925 እ.ኤ.አ. በላይፕሲክ ትርኢት ላይ ለገበያ የቀረበችው ላይካ፥ በቬትስላር ከተማ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ የነደፋት ናት። መዝጊያዋ፥ በተለምዶ ሸተር የምንለው፥ በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከፊልሙ ፊት ለፊት፥ ፊልሙን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተቀምጧል። ጎማ የተቀቡ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች ናቸው። ቁልፉ ሲጫን አንደኛው መጋረጃ ይሮጣል፤ ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ ይከተለዋል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በፊልሙ ላይ ብርሃን እየጠረገ ያልፋል። በኋለኞቹ የላይካ ኤም ሞዴሎች መጋረጃው 36 ሚሊ ሜትሩን የሚያቋርጠው ከ1/50 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ፍጥነቱን በሰኮንድ 2 ሜትር ያህል ብናደርገው ለ1/1000 ሰኮንድ የሚያስፈልገው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ ጥገና ስናነሳ እንመለስበታለን።

በካርኮቭ ከተማ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ፌድ፥ በክራስኖጎርስክም ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ዞርኪ፥ ይህንኑ የላይካን አሠራር የተከተሉ ናቸው። በሶቪየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ ወገኖቻችን በሻንጣቸው ይዘዋቸው ከመጧቸው ዕቃዎች መካከል እነዚህ ይገኙባቸዋል። የሁሉም ጠባይ አንድ ነው። በውስጣቸው መስተዋት የለም። ተጠቃሚው የሚያየው ከላይ በኩል ባለ ሌላ መስኮት ነው። ሌንሱ ግን፥ ክዳን ካልተደረገለት በቀር፥ ቀንም ሌትም መጋረጃውን እያየ ይኖራል፤ ከፊቱ ያለውንም ነገር ሁሉ ጨርቁ ላይ ይሥልበታል። ፀሐይ ከፊቱ ከመጣች ፀሐይን ይሥልበታል።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ጣል ላድርግ። ላይካ ለገበያ ከመቅረቧ በፊት በ1923 እ.ኤ.አ. ለሙከራ የተሠሩት ጥቂት ካሜራዎች መጋረጃቸው በሚወጠርበት ጊዜ ክፍተቱ አይዘጋም ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙን ባሳለፈ ቁጥር ሌንሱን በክዳን መሸፈን ግድ ይሆንበት ነበር። ክዳኑ የካሜራው አንድ የሥራ ክፍል ነበር ማለት ነው። በ1925ቱ ሞዴል ሁለቱ መጋረጃዎች በሚወጠሩበት ጊዜ ተደራርበው እንዲመለሱ ስለ ተደረገ ክዳኑ ከሥራ ወጣ፤ የአቧራ መከላከያ ብቻም ሆነ። በእኔ አስተያየት ለችግራችን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አስገዳጅ የነበረው ልማድ ፈቃደኛ ሆነ፥ ከዚያም ተረሳ።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። በልጅነቱ በአጉሊ መነጽር ወረቀት ያላቃጠለ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ የካሜራም ሌንስ ከዚያ የተሻለ አጉሊ መነጽር ነው። ፀሐይ ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ያህል፥ በትክክል 0.53 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሌንሱ የሚሥለው የፀሐይ ምስል ስፋት የትኩረት ርቀቱ ለ108 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 0.46 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ነጥብ ይሥላል። የሌንሱ ዲያፍራም በኤፍ 2 ላይ ሲሆን የመግቢያው ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው። በጠራ ቀትር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል ብንል፥ በዚያ መግቢያ በኩል ግማሽ ዋት ያህል ይገባል ማለት ነው። ግማሽ ዋት ትንሽ ነው፤ አንዲት የእጅ ባትሪ አምፖል እንኳ ከዚያ የበለጠ ትበላለች። ነገር ግን ያ ግማሽ ዋት የሚያርፈው ከሰናፍጭ ቅንጣት ባነሰች ነጥብ ላይ ነው። ኃይሉ በነጥቧ ስፋት ሲካፈል ከተራው የፀሐይ ብርሃን ወደ 2,900 ጊዜ የሚበልጥ ይሆናል። ሌንሱ ራሱ የሚያስቀረው ጥቂት ብርሃን አለ፤ ያን ብንቀንስ እንኳ መደምደሚያው አይለወጥም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይህ ብዜት ከሌንሱ ርዝመት ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑ ነው። ባለ 35ቱም ባለ 90ውም በኤፍ 2 ላይ ከሆኑ የሚሰጡት ብዜት ያው 2,900 ነው። የሚወስነው የዲያፍራሙ ቁጥር ብቻ ነው፤ በካሬውም ይወርዳል። ኤፍ 1.4 ላይ 6,000 ገደማ፥ ኤፍ 4 ላይ 730፥ ኤፍ 8 ላይ 180፥ ኤፍ 16 ላይ 45 ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ ዲያፍራሙን ከ2 ወደ 16 ማዞር፥ አንድ ክፍያ የማይጠይቅ የጣት ሥራ፥ ጉልበቱን ወደ አንድ ስልሳ አራተኛ ያወርደዋል።

ይህ በጨርቁ ላይ ምን ያህል ሙቀት ይሆናል? ጎማ የተቀባው ጨርቅ ውፍረቱን 0.2 ሚሊ ሜትር፥ ሙቀት የማስተላለፍ ጠባዩንም እንደ ተራ ጎማ አድርጌ በግምት አስልቼዋለሁ። በኤፍ 16 ላይ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነጥቧን ከአካባቢዋ ከ100 ዲግሪ ባነሰ ያሞቃታል፤ ጨርቁ ይህን ይችላል። በኤፍ 8 ላይ ጭማሪው ወደ 300 ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህ ጨርቅ የሚያጠቁር ነው። በኤፍ 2 ላይ የሚወጣው ቁጥር ትርጉም የሌለው ትልቅ ቁጥር ነው፤ ጨርቁ ወደዚያ ሳይደርስ ይነድዳልና። ጊዜውስ? ነጥቧ ከሚሊግራም አንድ አሥረኛ የማይሞላ ክብደት ያላት ስለሆነች፥ ሙቀቱም ወደ ጎን ለመሸሽ ጊዜ ስለማያገኝ፥ የሂሳቡ መልስ ከአንድ ሰኮንድ በታች ነው። በተግባር ካሜራው በሰው እጅ ላይ ስለሚንቀጠቀጥና የፀሐይ ምስልም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ጥፋቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። አንገቱ ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ ሲዞር የኖረ ሰው «እኔ ምንም ደርሶብኝ አያውቅም» ቢለን ውሸት አይደለም። የአካሄዱ መወዛወዝ አድኖታል።

አደጋው የሚብሰው ካሜራው ያለ እንቅስቃሴ ሲቀመጥ ነው። ይልቁንም በጀርባው ተኝቶ፥ ሌንሱ ሰማይ እያየ ሲቀመጥ።

ስለ አገራችን ፀሐይ ጥቂት ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋም ወደ 2,400 ሜትር ስለሚደርስ የከባቢ አየሩ አንድ አራተኛ ያህል ከበታቻችን ቀርቷል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፥ ቀትር ላይ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች፤ በሌሎቹም ወራት ብዙ አትርቅም። ይህ ሁኔታ ለካሜራው ሁለት ገጽ አለው። አግድም ለተያዘ ካሜራ ቀትር ደኅና ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ከሌንሱ ዕይታ ውጭ ናትና። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአግድሙ ወደ ላይ የሚያየው 13 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ይህን ከፍታ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ታልፋለች። ስለዚህ አግድም የተያዘ ካሜራ የሚያሰጋው ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓትና ከምሽቱ የመጨረሻ ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜም ጨረሯ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ደከም ያለ ነው። ካሜራው ሆድ ላይ አርፎ ሽቅብ የሚያይባቸው ባልደረቦች ግን ሰዓቱን ረዘም አድርገው ይቁጠሩት።

በጀርባው ለተኛ ካሜራ ነገሩ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ቀትር ላይ፥ ኃይሏ ሙሉ በሆነበት ሰዓት፥ ፀሐይ በሌንሱ ዕይታ መካከል ትቆማለች። እጅ የለም፥ መንቀጥቀጥ የለም። ያለው እንቅስቃሴ የምድር መዞር ብቻ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስትጓዝ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሏን በደቂቃ 0.22 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። እንግዲህ ምስሏ የራሷን ስፋት ለመልቀቅ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ለማቃጠል ግን አንድ ሰኮንድ ይበቃታል። ባለቤቱ ቶሎ ካነሣው የመርፌ ቀዳዳ ያገኛል። ምሳ በልቶ ከተመለሰ ደግሞ ቀዳዳ ሳይሆን መስመር ያገኛል፥ በመጋረጃው ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል መስመር።

ይህ የወረቀት ሂሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። ስማቸውን እንዳልጠራ የጠየቁኝ አንድ አንጋፋ የመንገድ መሐንዲስ አሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአንድ የገጠር ድልድይ ምሰሶ ላይ የተከሰተውን ስንጥቅ ይከታተሉ ነበር። በስንጥቁ ላይ የመስተዋት ቁራጭ በሲሚንቶ ተለጥፎ ነበር፤ ስንጥቁ ከሰፋ መስተዋቱ ይሰበራል፥ ካልሰፋ ደኅና ይቆያል። እሳቸውም በየጊዜው በፌድ ካሜራቸው ያነሡታል። የከፍታ መለኪያውን በሚያነቡበትና መዝገብ በሚጽፉበት ጊዜ ሁለት እጃቸው ስለሚያዝ ካሜራውን በመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ያስቀምጡታል። ክዳኑ ተዳፋት ስለሆነ በእግሩ ቢያቆሙት ይንሸራተታል። ስለዚህ በጀርባው ያስተኙታል። ጥንቃቄ ነበር እንጂ ግዴለሽነት አልነበረም።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ነጭ ነጥብ ተገኘ። መጀመሪያ በአግድም በተነሡት ላይ ነጥቡ ሰማዩ ላይ ስለ ዋለ «ፀሐይ ገብታበት ነው» ተብሎ ታለፈ። አንዱ ሥዕል ሁለት ፀሐይ እንደነበረው ዛሬ እየሳቁ ይናገራሉ። ካሜራውን አቁመው ምሰሶውን ባነሡበት ጊዜ ግን ነጥቡ ወደ ጎን ዞረና በትክክል በመስተዋቱ ቁራጭ ላይ ዐረፈ። ስንጥቁ ሰፍቷል ወይስ አልሰፋም የሚለውን የሚመልሰው ሥዕል ባዶ ሆነ። ምሰሶው ከዚያ በኋላ በአዲስ ሲሚንቶ ስለ ተጠቀለለ መልሶ ማየት አይቻልም። ዛሬ በኮምፒዩተር ነጩን ነጥብ ከዙሪያው በተወሰደ ቀለም መሙላት ይቻላል። ይህ ግን ለመሐንዲስ ማስረጃ አይሆንም፤ ሥዕል ነው።

ኔጋቲቮቹን አብረን ስናያቸው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘን። ነጥቡ በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። በተከታታይ በተነሡት ላይ የለም፥ ወይም እምብዛም አይታይም። ከረጅም ጊዜ በኋላ በተነሡት ላይ ግን ትልቅና ጥቁር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እሳቸው አንድ ሥዕል እንዳነሡ ወዲያው መዝጊያውን የመወጠር ልማድ ነበራቸው። መዝጊያው ሲወጠር በፊልሙ ፊት የሚቆመው አንደኛው መጋረጃ ነው። ፀሐይ ያቃጠለችውም እሱን ነው፤ ቀጣዩ ፊልም ተራውን የሚጠብቀውም ከሱ ኋላ ነው። ጥበቃው በረዘመ ቁጥር በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ይበዛል። መዝጊያው ተለቅቆ ሳይወጠር ከተቀመጠ ደግሞ በፊት የሚቆመው ሁለተኛው መጋረጃ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጎዳውም እሱ፥ የሚበላሸውም የተነሣው ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ ኔጋቲቩን በማየት ብቻ፥ ካሜራውን ሳይፈቱ፥ የተቀደደው መጋረጃ የትኛው እንደ ሆነ መናገር ይቻላል።

እንግዲህ መከላከያው ምንድር ነው? የሌንስ ክዳን ነው ብሎ መገላገል ይቻላል፤ የካሜራዎቹ ሠሪዎችም በመመሪያቸው ይህንኑ ይመክራሉ። እኔም ካሜራው ከእጅ በወጣ ቁጥር፥ በጠረጴዛም በመኪናም በድንጋይም ላይ ሲቀመጥ፥ ክዳን ይደረግበት እላለሁ። በሥራ ላይ ሳለ ግን ክዳኑን አጥብቄ አልመክርም። በነዚህ ካሜራዎች መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ ስለሆነ ክዳኑ ተረስቶ ቢቀር ሰውየው ምንም አይታወቀውም፤ ሙሉ ጥቅል ፊልም በጨለማ ያነሣል። የመጋረጃ ቀዳዳ አንድ ነጥብ ይወስዳል፤ የተረሳ ክዳን ሥዕሉን በሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ካሜራው አንገት ላይ ሲሆን ዲያፍራሙን ወደ 16 ማዞር፥ ከተቻለም ሌንሱን ወደ ደረት ማስደገፍ ይሻላል። ቢረሳም ጥፋቱ በመለኪያ ተገኝቶ የሚታረም ነው።

አንዳንዶች ርቀቱን ወደ ቅርብ ማዞርም ይበቃል ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሲስተካከል ከመደበኛ ቦታው 2.6 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ በኤፍ 2 ላይ የፀሐይ ነጥብ ተበትና ጉልበቷ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሆኖም የቀረው ኤፍ 8 ላይ ከምናገኘው ስለሚበልጥ ብቻውን አያስተማምንም። በኤፍ 16 ላይ ደግሞ የጨረሩ ጎዳና ቀጭን ስለሆነ ርቀቱን ማዞር የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም ነው። የሌንስ ጥላ ከጎን የሚመጣውን እንጂ ከፊት የሚመጣውን አይከለክልም። ከፊት የሚገጠመው ጥርት ያለ መስተዋት፥ የአልትራቫዮሌት ማጣሪያ የሚባለው፥ ለዚህ ጉዳይ ከንቱ ነው፤ የሚያቃጥለው በዐይን የሚታየው ብርሃንና ከርሱ በታች ያለው የሙቀት ጨረር ነውና።

ፀሐይ ስትጠልቅ ለማንሳት የሚፈልግ ሰው መዳፉን በሌንሱ ፊት ይያዝ፤ በመመልከቻው ሥዕሉን ያስተካክል፤ መዳፉን አንሥቶ ቁልፉን ይጫን፤ መልሶ ይሸፍን። የቆዩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ሳይነገራቸው ያደርጉት ነበር።

የፀሐይ ግርዶሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን ጨምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ ካሜራ ያለው ሁሉ ወደ ሰማይ አነጣጥሮ ነበር። በቀለበት ግርዶሽ ጊዜ ፀሐይ ከቶ አትሸፈንም፤ የቀረው ቀለበት ነጥብ በነጥብ ያው ብርቱ ፀሐይ ነው። ረጅም ሌንስ ሲሆን ደግሞ ከላይ የሰጠኋችሁ የኤፍ ቁጥር መጽናኛ አይሠራም። የ500 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ላይ ብዜቱ 180 ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምስሉ 4.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፥ የሚያርፍበትም ኃይል ሙሉ ፀሐይ ከሆነች 3 ዋት ነው። ከትንሽ ነጥብ ሙቀት ወደ ጎን ይሸሻል፤ ከትልቁ መካከል ግን መሸሻ የለውም። ለዚህ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብቻ የሚያሳልፍ የፀሐይ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የሚገጠመውም ከሌንሱ ፊት ነው እንጂ ከኋላው አይደለም፤ ከኋላ ከሆነ የተሰበሰበው ሙቀት ማጣሪያውን ራሱን ይሰነጥቀዋል። መዝጊያ ይተካል፤ በመመልከቻ በኩል በሌንስ ውስጥ ፀሐይን ያየ ዐይን ግን መተኪያ የለውም።

ስለ ሌሎቹ ካሜራዎች በአጭሩ። መዝጊያቸው በሌንሱ መካከል የሆነ፥ እንደ ሮላይፍሌክስ ያሉ፥ ከዚህ ሥጋት ነጻ ናቸው። ብርሃኑ በዚያ ቦታ ገና ተበትኖ ስለሚያልፍ ምስል አልሆነም፤ ቅጠሎቹም ብረት ናቸው። በ1932 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮንታክስና ከጦርነቱ በኋላ በኪየቭ የተሠራው ስመ ጥሩ ተከታዩ መጋረጃቸው ከብረት ዘንጎች የተያያዘ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው ካነን ፒ የብረት፥ በዚያው ዓመት የወጣው ኒኮን ኤፍ የቲታንየም መጋረጃ አላቸው። ብረት ይጨማደድ ይሆናል እንጂ እንደ ጨርቅ አይበሳም። በመስተዋት የሚያሳዩት ካሜራዎች መስተዋቱ ራሱ ጋሻ ይሆናቸዋል። ልዩነቱ እንደ መጀመሪያዎቹ ዜኒቶች ያሉት ናቸው፤ በነርሱ መስተዋቱ ከአንድ ሥዕል በኋላ እስኪወጠር ድረስ ወደ ላይ እንደ ተነሣ ይቀራል፥ መጋረጃውም ያን ጊዜ ጋሻ የለውም። እነዚህን ያለው ሰው ሥዕል እንዳነሣ ወዲያው ይወጥር።

«ታዲያ ላይካ ጨርቅን ለምን አልተወችም?» ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ። የፊልም ሞዴሎቿ ዛሬም ጨርቅ ናቸው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደ ገና የወጣው ኤም 6 ሳይቀር። ወደ ብረት የዞሩት ከ2006ቱ ኤም 8 ጀምሮ ያሉት ዲጂታሎቹ ናቸው። ጨርቅ ቀላል ነው፥ በቀጭን ሲሊንደር ላይ ይጠቀለላል፥ ድምፁም ዝግ ያለ ነው። ይህ የነደፋ ምርጫ ነው፤ እንደ ማንኛውም ምርጫ ዋጋው በተጠቃሚው ላይ የወደቀ።

ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ለመመርመር ፊልም በሌለበት ካሜራ፥ በጨለማ ክፍል፥ ሌንሱን ማውጣትና የኋላ ክዳኑን መክፈት፥ ከዚያም በአንድ በኩል ትንሽ የባትሪ መብራት አብርቶ በሌላው በኩል ማየት ነው። ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ምርመራው ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንድ ጊዜ መዝጊያው ተወጥሮ፥ አንድ ጊዜ ተለቅቆ። አንዱን ብቻ የመረመረ ግማሹን መጋረጃ አላየም። የኋላ ክዳን የሌላቸው፥ ፊልም ከሥር የሚጎርሱት የድሮ ሞዴሎች ላይ ይህ አይቻልም። ለነሱ አጭር ቁራጭ ፊልም አስገብቶ፥ ሌንሱን አውጥቶ፥ በደማቅ ብርሃን ፊት በተወጠረና በተለቀቀ ሁኔታ ለየብቻ ጥቂት ማቆየትና ማጠብ ነው።

ጥገናውን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያነሣኋቸው አንጋፋ ባልደረባችን ካሜራቸውን ለአንድ ጠጋኝ ሰጥተው ቀዳዳው በጥቁር ቀለም ተደፍኖ ተመለሰላቸው። ብርሃኑ ቀረ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሥዕሉ አንድ ጎን ከሌላው ጨለም እያለ መጣ። ቀለሙ ወፍራምና ግትር ስለ ነበረ መጋረጃው በሲሊንደሩ ላይ ሲጠቀለል እዚያ ቦታ ላይ ይይዘዋል፤ ክፍተቱም በመንገድ ላይ ይጠብባል። ቅድም ያልኩትን ቁጥር አስታውሱ። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት በ0.2 ቢሳሳት የብርሃኑ መጠን በመቶ 10 ይሳሳታል። ስለዚህ ለአንዲት የመርፌ ቀዳዳ የሚደረግ ድፈና ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ጥቁር ቀለም መሆን አለበት፤ በመርፌ ጫፍ የተቀባ፥ ስስ፥ ከአንድ ጊዜ ይልቅ ሁለት ጊዜ የተደገመ፥ በደንብ እስኪደርቅም መጋረጃው ሳይጠቀለል የቆየ። ቀዳዳው ከአንድ በላይ ከሆነ፥ ወይም እንደ መስመር ከተተለተለ፥ ወይም ጨርቁ በዕድሜ ብዛት መሰነጣጠቅ ከጀመረ መድፈኑ ትርፍ ድካም ነው። መጋረጃው በአዲስ ጎማ የተቀባ ሐር ይለወጥ፤ ከተለወጠ በኋላም ፍጥነቱ በመሣሪያ ሳይለካ ካሜራውን አትቀበሉ። ዛሬ ይህን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ከብርሃን ተቀባይ ዲዮድና ከኮምፒዩተር የድምፅ መግቢያ ማናችንም በአንድ ቅዳሜ ልንሠራው እንችላለን።

የባትሪ መብራቱ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ መስኮቶቹን ጋርደን ያመጣችኋቸውን ካሜራዎች አንድ በአንድ እናያቸዋለን። በውስጡ ፊልም ያለበት ካሜራ የያዘ ግን ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ይንገረኝ።